በአዋሽ ሸለቆ ስላሉት የውሃ መሳቢያ ሞተሮች፤ ዕቃቸው በአሸዋ ተጠርጎ ቀለም ሲቀባ ሊደረግለት ስለሚገባው ጽዳት

በደጋ አገር የሚኖር ገበሬ ዓይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ ዝናሙን ይጠባበቃል። በአዋሽ ሸለቆ ያለ ባለ እርሻ ግን ተስፋው በወንዙና ውሃውን ከወንዙ አውጥቶ በቦዩ በሚለቅለት ሞተር ላይ ነው። የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አቅራቢያ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፤ እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ወንዞች ወደ ባሕር ሳይገባ፤ በጅቡቲ ወሰን በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በዚህ ረጅም መንገዱ ብዙ ለም መሬት ያጠጣል፤ ነገር ግን ከወንዙ ከፍ ብሎ የሚገኘው መሬት ውሃው በሞተር ካልተሳበለት በቀር የወንዙ ጎረቤት መሆኑ ብቻ አይጠቅመውም።

ስለዚህም በሸለቆው ውስጥ የአንድ ሞተር መቆም የአንድ መሣሪያ መበላሸት ብቻ ሆኖ ሊቈጠር አይገባም። በሰመራና በዱብቲ ዙሪያ በሙቀቱ ወራት የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በእንዲህ ያለ ሐሩር አበባ ይዞ ውሃ የተቋረጠበት ጥጥ አበባውንና እንቡጡን ያራግፋል፤ ፍሬ በሚቋጥርበት ጊዜ የተጠማ ስንዴም ፍሬው ይጨማደዳል። ሞተሩ ከሳምንት በኋላ ተጠግኖ ቢመለስም የረገፈው እንቡጥ ወደ ቦታው አይመለስም። ይልቁንም የሚያሳዝነው፤ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ታድሶ የመጣ ሞተር በተነሣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተቃጥሎ ሲቆም ነው። የዚህም ጥፋት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ በዓይን ለመታየት የሚያስቸግር አንድ ቍንጥር አሸዋ ይሆናል።

በአዋሽ ሸለቆ የመኪና ሥራ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ አዋሽም በመንገዱ ላይ ካሉት ታላላቅ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዘመን በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፤ ትራክተሩና የውሃ መሳቢያውም ከእርሻው ጋር በዛ። አሮጌው ባቡር ቆሞ በምትኩ የተሠራው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። በቅርብ ዓመታትም በቆላው የሚዘራው የመስኖ ስንዴ እየተስፋፋ ስለ ሄደ፤ የሞተሩ ብዛትና የጥገናው ሥራ ከቀድሞው ይልቅ ጨምሯል።

ስለ ጠረጋውና ስለ ዱቄቱ ቀለም

በጋራዦች ዘንድ ሳንድ ብላስት የሚባለው ሥራ፤ አሸዋ ወይም ሌላ ጠንካራ ቅንጣት በታመቀ አየር ኀይል ከጠባብ አፍ እየተረጨ ከብረት ላይ ዝገትንና አሮጌ ቀለምን የሚያስለቅቅበት ዘዴ ነው። ይህን ዘዴ ያወጣው ቤንጃሚን ቲልማን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፤ የፈጠራ መብቱንም ያገኘው በ1870 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዛሬ በአሸዋ ፈንታ የመስታወት ፍሬ፤ ጋርኔት የሚባለው ማዕድን፤ ወይም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ይሠራበታል።

ፓውደር ኮቲንግ የሚባለው ደግሞ የዱቄት ቀለም ነው። ዱቄቱ የኤሌክትሪክ ኀይል ተሰጥቶት በብረቱ ላይ ይረጫል፤ በኤሌክትሪኩም ስበት ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ዕቃው በምድጃ ውስጥ ገብቶ ከ180 እስከ 200 በሚደርስ ዲግሪ ሙቀት 10 ወይም 20 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ዱቄቱ ቀልጦ ይያያዝና ጠንካራ ልባስ ይሆናል። ጨው ያለበት አቧራና የወንዝ ዳር እርጥበት ብረትን በሚበላበት አገር፤ ለሞተሩ ክዳን፤ ለኮፓውና ለውሃ መሳቢያው ውጫዊ አካል ይህ ልባስ ጠቃሚ መሆኑ አይካድም።

ሆኖም ቀለሙ እንዲይዝ ብረቱ አስቀድሞ በቅንጣት መጠረግ አለበት። ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ነው። የተረጨው ቅንጣት ሁሉ ወደ መሬት አይወድቅም፤ ከፊሉ በብሎን ቀዳዳ፤ በዘይት መተላለፊያ፤ በውሃ መዞሪያና በማእዘኑ ሁሉ ተሸሽጎ ይቀራል።

ቅንጣቱ ሞተርን የሚገድልበት ምክንያት

በሞተር ውስጥ ክራንክ ሻፍቱና የሚያርፍበት ለስላሳ የብረት ቅጠል እርስ በርሳቸው አይነካኩም፤ በመካከላቸው ስስ የዘይት ሽፋን አለ። በትንንሽ ሞተሮች ይህ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.03 እስከ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም ከአንድ የሰው ጠጉር ውፍረት ብዙም የማይለይ ነው። ለጠረጋ የሚያገለግለው ቅንጣት ብረቱን ሲመታ እየተሰባበረ ከዚህ ወደሚያንስ ዱቄት ይለወጣል። ይህም ዱቄት ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ማለስለሻ መሆኑ ቀርቶ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፈጫል። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት በጥንካሬው ከአልማዝ ቀጥሎ ከሚቈጠሩት ውስጥ ስለ ሆነ፤ በለስላሳው ቅጠል ላይ ተሰክቶ በመቅረት የሚዞረውን ክራንክ ሻፍት ያለማቋረጥ ይፍቀዋል።

ብዙ ሰዎች «ዘይቱን ፊልትሮ ያጣራዋል» ብለው ይታመናሉ። ይህ ግን ስሕተት ነው። ዘይቱ ከኮፓው ተነሥቶ አስቀድሞ በፊልትሮው ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ በብሎኩ ውስጥ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ወደ ክራንክ ሻፍቱ ይደርሳል። ቅንጣቱ የተሸሸገው ከፊልትሮው ወዲያ ባለው መተላለፊያ ውስጥ ከሆነ፤ ሞተሩ እንደ ተነሣ በመጀመሪያ የሚደርሰው ወደ ክራንክ ሻፍቱ ነው። ዘይቱን እየረጩ ብቻ የሚሠሩ አንዳንድ ትንንሽ ሞተሮችም ፊልትሮ የላቸውም፤ በእነርሱ ዘንድ በኮፓው ግርጌ የቀረ አሸዋ ከዘይቱ ጋር እየተረጨ በሁሉም ላይ ይደርሳል።

የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ፤ ከጠረጋው በፊት። ዕቃው ቅባቱና አሮጌው ዘይቱ ፈጽሞ እስኪለቅ ድረስ ይታጠብ። ቅባት ያለበት ብረት ቢጠረግ ቅንጣቱ ከቅባቱ ጋር እንደ ጭቃ ይለጠፋል፤ በኋላም በአየር ቢነፋ አይለቅም። የብሎን ቀዳዳዎች በአሮጌ ብሎን፤ የዘይትና የውሃ መተላለፊያዎች በጎማ ውታፍ ይደፈኑ። ክራንክ ሻፍት የሚያርፍበት፤ ፒስተን የሚመላለስበትና ጓርኒሲዮን የሚቀመጥበት ስፍራ ሊጠረግም ቀለም ሊቀባም አይገባውም። የሚቻል ከሆነ ዘይት የሚዞርበት ዕቃ በቅንጣት ጠረጋ ፈንታ በማጠብና በብሩሽ ብቻ እንዲጸዳ ማድረግ ይመረጣል፤ ያልገባውን አሸዋ ማውጣት አያስፈልግምና።

2ኛ፤ ከጠረጋው በኋላ፤ ከቀለሙ በፊት። ትልቁ ጽዳት የሚደረገው በዚህ ጊዜ ነው። ውታፉ ሁሉ ይነቀል፤ የዘይት መተላለፊያውን ጫፍ የሚዘጉት ብሎኖችም ይፈቱ። ዕቃው በሁሉም ጎኑ እየተገለበጠ በጎማ መዶሻ ቀስ ተብሎ ይመታ፤ ከዚያም በደረቅ የታመቀ አየር ይነፋ። ነገር ግን አየር ብቻውን ቅንጣቱን ከአንዱ ቀዳዳ አውጥቶ ወደ ሌላው ስለሚያስገባው በዚህ ብቻ መተው አይገባም። በሙቅ ውሃና በሳሙና፤ በረጅምና በቀጭን ብሩሽ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር ይታሽ። በናፍጣ ወይም በላምባ ብቻ ማጠብ ቅባቱን ያስለቅቃል እንጂ ደቃቁን ቅንጣት በሚገባ አያነሣም፤ ቅንጣቱን አንሥቶ የሚወስደው የሳሙናው ውሃ ነው። በመጨረሻ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይለቅለቅና ይድረቅ። ይህ ሳይደረግ ወደ ምድጃ የገባ ዕቃ ቅንጣቱ ከቀለጠው ቀለም ጋር እንደ ሲሚንቶ ይጋገርበታል፤ ያን ጊዜ ማውጣቱ እጅግ ይከብዳል፤ ቀለሙም በዚያ ስፍራ እየተቀረፈ ለዝገት በር ይከፍታል።

3ኛ፤ ከቀለሙ በኋላ። ከምድጃው የወጣ ዕቃ አምሮ ስለ ታየ ብቻ ንጹሕ ነው ተብሎ አይገጠም። ሙቀቱ በቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ስለሚያላቅቀው፤ መንገዱም ሲያንገጫግጨው ስለሚያራግፈው፤ ከመገጠሙ በፊት ሁለተኛ ጊዜ መታጠብ አለበት። በዚህ ጊዜ ለብ ያለ ውሃ፤ ለስላሳ ሳሙናና የናይሎን ብሩሽ ይበቃል። የሽቦ ብሩሽ ልባሱን ይፍቀዋል፤ እንደ አሴቶን ያለ ኀይለኛ ፈሳሽም አንዳንዱን የዱቄት ቀለም ያለሰልሰዋል። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ አሉሚኒየምን ስለሚበላ ከአሉሚኒየም በተሠራ ዕቃ ላይ ፈጽሞ መግባት የለበትም። በብሎን ቀዳዳ ውስጥ ከቀለም ጋር የተጋገረ ቅንጣት ቢኖር፤ በጥርስ ማውጫ በእጅ ቀስ እየተባለ ይጽዳና እንደ ገና ይታጠብ። ቀለም ያልተቀባው የተሞረደ ብረት እንደ ደረቀ ወዲያው ዘይት ይቀባ፤ አለዚያ በአንድ ሌሊት ይዝጋል።

4ኛ፤ ስለ ፈተናው። ነጭ ጨርቅ በንጹሕ ዘይት ተነክሮ በቀዳዳው ውስጥ ይሳብ፤ በሚገጣጠመውም ስፍራ ላይ ይታሽ። ጨርቁ በፀሐይ ብርሃን ሲታይ ጥቁረት፤ ብልጭታ ወይም ሻካራነት ካለበት ዕጥበቱ ይደገም። ማግኔት ለዚህ ፈተና አይበቃም፤ አሸዋን፤ መስታወትንና የአሉሚኒየም ኦክሳይድን አይስብምና።

5ኛ፤ ሞተሩ በተነሣ ጊዜ። በመጀመሪያ ያለ ጭነት ቀስ ብሎ ይሥራ፤ የዘይቱም ግፊት ይታይ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ይጥፋና ዘይቱ በሙቀቱ ሳለ ይውረድ፤ ፊልትሮም ካለው ይለወጥ። ከዚያም ከ20 እስከ 50 ሰዓት ባለው ሥራ ውስጥ እንደ ገና ዘይት ቢለወጥለት መልካም ነው። የሁለት ጊዜ ዘይት ዋጋ ከአንድ ክራንክ ሻፍት ዋጋ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው።

ለአዋሽና ለሰመራ በተለይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ከዚህ በላይ የተነገረው በየትኛውም አገር የሚሠራ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ግን ሦስት ነገሮች ይጨመራሉ።

የመጀመሪያው ነፋሱ ነው። ከሰዓት በኋላ አቧራ የሚያነሣ ነፋስ በሚበዛበት ስፍራ በሜዳ ላይ ታጥቦ የሚደርቅ ዕቃ፤ የጋራዡን አሸዋ ለቆ የሜዳውን አሸዋ ይቀበላል። ስለዚህ ዕጥበቱም መገጣጠሙም በማለዳ፤ በተዘጋ ቤት ወይም ቢያንስ በሸራ በተጋረደ ስፍራ ይደረግ። የታጠበው ዕቃ ወዲያው በንጹሕ ላስቲክ ይጠቅለል። ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ 220 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሳይጠቀለል በክፍት መኪና ይህን ሁሉ መንገድ የመጣ ዕቃ በጋራዡ የተደረገለትን ጽዳት በመንገድ ላይ ጥሎት ይመጣል።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። በፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ላይ የፈሰሰ የሳሙና ውሃ ሳይለቀለቅ ይደርቅና ቅንጣቱን እዚያው አጣብቆ ያስቀረዋል። ዕቃው በጥላ ሥር ከቀዘቀዘ በኋላ ይታጠብ፤ ሳሙናው ሳይደርቅም ይለቅለቅ።

ሦስተኛው ውሃው ራሱ ነው። አዋሽ በሚሞላበት ጊዜ ደለል የተሸከመ ነው፤ በሸለቆውም ውስጥ ጨውነት ያለው ውሃ በብዙ ስፍራ ይገኛል፤ በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በደፈረሰ ውሃ የተለቀለቀ ዕቃ አሸዋን በጭቃ እንደ መለወጥ ነው፤ በጨዋማ ውሃ የተለቀለቀውም ቶሎ ይዝጋል። የወንዙ ውሃ በበርሜል ሌሊቱን አድሮ ይጥለል፤ ከላይ ያለው ብቻ በጥቅጥቅ ጨርቅ ተጠልሎ ለዕጥበት ይዋል፤ ለመጨረሻው መለቅለቂያ ግን ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውሃ መመደብ ይገባል። ለአንድ ትንሽ ሞተር ዕቃ ጥቂት ጀሪካን ይበቃል።

ስለ ሠራተኛው ጤንነትና ስለ ወንዙ

ሞተሩን ሲያድኑ ሰውን መጉዳት አይገባም። በተራ አሸዋ ሲጠረግ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ሲሊካ የሚባለውን ማዕድን ይይዛል፤ ይህም በሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለውን መድኀኒት የሌለው በሽታ ያመጣል። የእንግሊዝ መንግሥት በ1949 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው ደንብ በፋብሪካዎቹ ውስጥ ብረትን በአሸዋ መጥረግን የከለከለው ስለዚህ ነው። በ1997 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህን አቧራ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ጋር መድቦታል። እንግዲህ ከወንዝ ዳር የተዛቀ አሸዋ በኮምፕሬሰር እየረጨ፤ አፉን በሻሽ ብቻ ሸፍኖ የሚሠራ ወጣት ቢገኝ፤ ሥራው ሊቆም ይገባዋል። ሻሽ ደቃቁን አቧራ አያግደውም። አሸዋው በጋርኔት ወይም በመስታወት ፍሬ ይለወጥ፤ ሥራው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይደረግ፤ ለሠራተኛውም ለአቧራ የተሠራ የመተንፈሻ ጭምብልና የዓይን መከለያ ይሰጠው። በታመቀ አየር ልብስን ማራገፍም ለዓይንና ለሳንባ አደገኛ ነው።

የዕጥበቱ ውሃም ዘይት፤ ሳሙናና የቀለም ፍቅፋቂ የያዘ ስለ ሆነ ወደ ቦዩ ወይም ወደ ወንዙ ሊለቀቅ አይገባም። የአዋሽ ውሃ ለእርሻ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ የአፋር አርብቶ አደር ግመሉን፤ ከብቱንና ፍየሉን የሚያጠጣው፤ በብዙ ስፍራም ቤተ ሰቡ የሚጠጣው ከዚሁ ነው። ውሃው በበርሜል ተጠራቅሞ ይጥለል፤ ከላይ የተንሳፈፈው ዘይት ይሰብሰብ፤ ከታች የዘቀጠው ከውሃ መውረጃና ከከብት መሰማሪያ በራቀ ስፍራ ይወገድ።

የሹማምንቱና የባለ እርሻዎቹ ድርሻ

ሹም መካኒክ እንዲሆን አይጠየቅም። ነገር ግን የማኅበር ወይም የመንግሥት ገንዘብ ለጥገና ሲወጣ ምን እንደ ተሠራበት መጠየቅ የሹመቱ ሥራ ነው። ስለዚህ ሞተር ወደ ጋራዥ ሲላክ በውሉ ላይ አራት ነገሮች ተለይተው ቢጻፉ ጠቃሚ ይሆናል። አንደኛ፤ የትኛው ዕቃ እንደሚጠረግና የትኛው እንደማይነካ። ሁለተኛ፤ የሚጠረገው በምን ዓይነት ቅንጣት እንደ ሆነ። ሦስተኛ፤ ከቀለሙ በፊትና በኋላ በሳሙናና በውሃ እንደሚታጠብ። አራተኛ፤ ዕቃው ከመገጠሙ በፊት የነጭ ጨርቁ ፈተና በባለ እርሻው ወይም በወኪሉ ፊት እንደሚደረግ። የመጨረሻው ክፍያም ሞተሩ ውሃ ስቦ፤ የመጀመሪያው ዘይት ወርዶ ከታየ በኋላ ቢከፈል፤ ጋራዡም ባለ እርሻውም ከክርክር ይድናሉ።

የጥገናው ጊዜም የታሰበበት ይሁን። ሞተር የሚታደሰው ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ፤ ውሃ በማያስፈልግበት ወራት ነው። ሰብሉ ሲጠማ የተላከ ሞተር በጥድፊያ ይሠራል፤ በጥድፊያም ከሚዘለለው ሥራ የመጀመሪያው ዕጥበቱ ነው፤ ጽዳት በዓይን አይታይምና፤ ቀለም ግን ይታያል። ገንዘብ ከፋዩም ብዙ ጊዜ ያማረውን ቀለም አይቶ ይረካል። ይሁን እንጂ ሞተርን የሚያኖረው ከላይ ያለው ውበት ሳይሆን በውስጡ ያለው ንጽሕና ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፤ በአንድ ማለዳ፤ በጥቂት ጀሪካን ውሃ፤ በሳሙናና በብሩሽ ሊወገድ የሚችለው ቅንጣት ሳይታጠብ ቢቀር፤ ሞተሩን፤ የጥገናውን ገንዘብና በእርሻው ላይ የቆመውን ሰብል አብሮ ይወስዳል። የየወረዳው ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ይህን ተገንዝበው በሥራቸው ላሉት የጋራዥ ሠራተኞች ቢያስረዱ፤ በሚመጣው የዘር ወራት በአዋሽ ዳር የሚቆሙት ሞተሮች ቍጥር እንደሚቀንስ ጥርጥር የለውም።